በቆቦ በረንዳ ላይ የተፈረደባቸው የበረዶ ጀግኖች

ቆርቆሮው በሚያዝያ ፀሐይ መንጣጣት ሲጀምር፣ አባቴ በተገነጠለ የመጽሐፍ ሽፋን ፊቱን ሲያራግብ ይሰማ የነበረው ጠፍ ጠፍ የሚል ድምፅ ዛሬም ወደ ጆሮዬ ይመለሳል። ሽፋኑ ላይ በረዶ ውስጥ ተቀርቅራ የቀረች መርከብ ተስላ ነበር፤ አባቴም ያቺን መርከብ ፊቱ ላይ እያመላለሰ የቆቦን ሙቀት ሊያባርር ይሞክር ነበር።

ማን ማን እንደነበርን አንድ በአንድ ልናገር። አባቴ ይማም ነበር፤ ከአፋር በግመል የሚወጣውን ጨው እየተረከበ ቆቦ ገበያ ላይ ይሸጥ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ማሳው ማሽላ ይዘራ ነበር። እናቴ ከድጃ ነበረች፤ እጇ ሥራ ሳይፈታ ጆሮዋ ሁሉን ይሰማ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ነበር፤ አሥረኛ ክፍል የደረሰ፣ ከቤታችን መጽሐፍ ገዝቶ የሚገባ ብቸኛው ሰው። ጎረቤታችን ጋሽ ካሳ ነበሩ፤ የልብስ ስፌት መኪናቸውን በረንዳችን ላይ ያኖሩ፣ ክርስቲያን ሆነው ሳለ በረመዳን ቀን ፊታችን ውሃ ጠጥተው የማያውቁ። በገበያ ቀን ደግሞ የአባቴ የጨው ደንበኛና የልብ ወዳጅ የሆነው አፋሩ ሁመድ ይጨመር ነበር። ስድስተኛው እኔ ነበርኩ።

ንባቡ የተጀመረው በበጋ ነው። ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውንም ከብትንም ከሥራ አስፈትቶ ጥላ ሥር ሲሰበስብ፣ ሰይድ መናኸሪያው አጠገብ መሬት ከተነጠፈ ማዳበሪያ ላይ ከገዛው አሮጌ መጽሐፍ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብልን ነበር። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ስለተቀደዱ፣ የሽፋኑም ጽሑፍ ስለጠፋ ማን እንደጻፈው አናውቅም ነበር። የሚያወራው ወደ ምድር ሰሜናዊ ጫፍ ስለሄዱ ፈረንጆች ነው። እኔ እስከዚያ ድረስ የማውቀው በረዶ ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር፤ አንዱ ጤፍ የሚያጠፋው፣ ሌላው መናኸሪያው ላይ ለተሳፋሪ የሚሸጠው በላስቲክ የረጋ ውሃ። እነዚህ ሰዎች ግን ባሕሩ ሳይቀር ወደሚረጋበት አገር፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ በመርከብ እየሄዱ፣ መርከባቸው በረዶ ውስጥ ሲቀረቀርባቸው እዚያው ከርመው ያልቁ ነበር። መጽሐፉ ጀግኖች ይላቸው ነበር። በረንዳችን ላይ ግን ይህን ማዕረግ የሰጣቸው አንድም ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የፈረደችባቸው እናቴ ናት። ሰይድ አንድ ቀን ሲያነብ፣ በዚያ በረዶ ላይ ከጥንት ጀምረው እያደኑ የሚኖሩ ሰዎች እንዳሉ የሚናገሩ ሁለት መስመሮች ላይ ደረሰ፤ መጽሐፉ ስማቸውን እንኳ አልጠቀሰም፣ «ብርዱን የለመዱ ኋላቀሮች» ብሎ አልፏቸዋል።

«ታዲያ አገሩ ሰው ካለበት እነዚህ ምኑን ነው ያገኙት?» አለች እናቴ፣ ማሽላዋን ከማንጓለል ሳታቋርጥ።

ጋሽ ካሳ የናቋቸው በልብሳቸው ነው። መርከበኞቹ ጠባብ የሱፍ የደንብ ልብስ ለብሰው ከባድ ጋሪ በበረዶ ላይ ሲጎትቱ ላባቸው ልብሳቸው ውስጥ እንደሚረጋ ሲነበብ፣ መኪናቸውን አቁመው ከት ብለው ሳቁ። «የአገሩ ሰው ቆዳ ሰፍቶ፣ ሰፋ አድርጎ ለብሶ ከፊታቸው ቆሟል። ዓይናቸው የት ነበር?»

«ማዕረጋቸው ላይ ነዋ» አለ አባቴ።

ከሁሉም የከፉብን ግን መርከባቸውን ጥለው በእግር የወጡት ነበሩ። እየራባቸው፣ እየታመሙ፣ አንድ ጀልባ ጋሪ ላይ ጭነው ይጎትቱ ነበር፤ ኋላ አጽማቸው ሲገኝ ጀልባዋ ውስጥ የተገኘው የብር ማንኪያ፣ መጽሐፍና ሽታ ያለው ሳሙና ነው። ሰይድን ይህን ገጽ ደጋግመን እናስነብበው ነበር፤ ባነበበው ቁጥር እናቴ «ሳሙና! ውሃው ድንጋይ በሆነበት አገር!» እያለች እንደ አዲስ ትገረም ነበር። ማንኪያውን ጥለው ጋሪ የሚጎትቱ ውሾች ማርባት፣ ሥጋውን እንደ አገሩ ሰው ጥሬውን መብላት ሲችሉ፣ የጌታ ልጅ ሆነው መሞትን መረጡ። እኔም ማታ በተኛሁበት እነሱን እያሰብኩ እስቅ ነበር፤ ለሞተ ሰው ማዘን እንደሚገባ የነገረኝም አልነበረም።

የበልጉ ካፊያ መጥቶ ሲሄድ፣ መጽሐፉ ወደ ምድር ጫፍ ደረስን ያሉት ሰዎች ላይ ደረሰ፤ ያን ቀን የገበያ ቀን ስለነበር ሁመድ ነበረ። ሁመድ ዳጉ የሚያውቅ ሰው ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ተቀምጠው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ከእገሌ ሰማሁ ብሎ ለይቶ ይናገራል፣ ሰሚውም እስኪጠራለት ድረስ ይጠይቃል፤ ያላየውን አየሁ ብሎ የተገኘ ሰው ከዚያ ወዲያ ቃሉ አይታመንም። ሰይድ የአንድ አገር ሁለት ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው «ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ» እያሉ እንደተሰዳደቡ አንብቦ ሲጨርስ፣ ሁመድ ሽመሉን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ያዘው።

«ያኛውን፣ መጨረሻ ያነበብከውን፣ ደረሰ ያለው ማነው?»

«ራሱ።»

«አብሮት ማን ነበር?»

«ፀሐይ ለክቶ ቦታ የሚያውቀውን ጓደኛውን ሳይደርሱ መልሶታል። ከዚያ በኋላ አንድ ረዳቱና የዚያው የበረዶው አገር ሰዎች ነበሩ።»

«እነሱ ምን አሉ?»

ሰይድ ገጹን ገለበጠ፣ መልሶም ገለበጠ። «አልተጻፈም።»

«ምልክትስ?»

«ባንዲራ ተክሏል። ግን በረዶው ይንሳፈፋል፣ ይዞት ሄዷል።»

ሁመድ ወደ አባቴ ዞረ። «ይማም፣ ይሄ ሰው እኛ ዘንድ መጥቶ ግመል ጠፋብኝ ቢል እንኳ የሚፈልግለት አያገኝም።»

አባቴ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ሰይድ ባነበበልን ሁሉ «እስቲ ዳጉ ጠይቁት» ማለት የቤታችን ጨዋታ ሆነ፤ የሞቱ ካፒቴኖችን በየተራ እያስነሣን፣ ማን አየህ፣ ማን ነገረህ እያልን እናዋርዳቸው ነበር። በመጨረሻም ጀልባ ሲጎትቱ የጠፉትን መርከበኞች ፍለጋ መርከብ በመርከብ ላይ እንደተላከ፣ የበረዶው አገር ሰዎችም መርከበኞቹ በረሃብ ሲሄዱና ሲወድቁ፣ አንዱ የሌላውን ሥጋ ሲበላ ያዩትን አንድ በአንድ እንደተናገሩ፣ በዋና ከተማው ያሉት ጌቶች ግን «የእኛ ሰው እንዲህ አያደርግም» ብለው ምስክሮቹን ውሸታም እንዳሏቸው ተነበበ። ያኔ ሁመድ አልሳቀም። «ሬሳ ያየ ሰው ምን ብሎ ይዋሻል?» ብሎ ብቻ ተነሣ።

ክረምቱ ሲገባ ንባቡ ቀዘቀዘ። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፍን ወደ ማሽላው ለማስገባት ሁላችንም ጭቃ ውስጥ ነበርን፤ ሁመድም በዚያ ወራት አገሩ ሣር ስለሚያበቅል ከመንጋው ተለይቶ አይመጣም ነበር። የሰይድ ፈተና ውጤት የወጣው በዚህ መሃል ነው፤ አላለፈም። በረንዳው ላይ ገጾቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ሳያነብ፣ አውራ ጎዳናውን ሲያይ ይውል ጀመር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሐሰን መጣ። ሐሰን የእናቴ ታናሽ እህት ባል ነው፤ ከዋጃ በሞተር መጣ፣ ጫማው ጭቃ አልነካውም ነበር። ሥራው ልጆችን ወደ ሳዑዲ መላክ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ግን በስሙ አይጠራውም፤ «ሰው ያገናኛል» ይባል ነበር። እናቴ ዶሮ አረደችለት። አባቴ ራሱ ቆሞ እጁን አስታጠበው።

«መንገዱ የታወቀ ነው» አለ ሐሰን። «እስከ ባሕሩ በመኪና ነው። ባሕሯም ምን አላት፣ ቁርስህን ወዲህ ማዶ በልተህ ምሳህን ወዲያ ማዶ ነው። የመን ላይ የሚቀበሉ የኔ ልጆች አሉ። የላክኩት ሁሉ ደርሷል፣ አልሐምዱሊላህ።»

ያን ምሳ ከሌላው ቀን ሁሉ አጥርቼ አስታውሰዋለሁ። ሐሰን ዳቦውን በወጡ እየነከረ ያወራ ነበር፤ አባቴ አንገቱን ይነቀንቅ ነበር፤ «የላክኸው ሁሉ ደረሰ ያለህ ማነው?» ያለ የለም። ከደረሱት የአንዱን እናት ስም የጠየቀ የለም። በጋውን ሙሉ የሞተ ፈረንጅ ፍርድ ቤት እያቆመ የዋለ ቤት፣ በሕይወት ያለውን ሰው፣ እጁን እያስታጠበ፣ አንድ ጥያቄ አልጠየቀውም። ምክንያቱም አማች ነው፤ አማችን እንዲህ ማፋጠጥ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። እናቴ ብቻ፣ ዓይኗን ሳታነሣ፣ «ሙቀቱስ?» አለች።

«ቆቦ ያደገ ልጅ ሙቀት ይፈራል እንዴ?» አለ ሐሰን፣ የሰይድን ትከሻ መታ መታ እያደረገ። ሰይድም ሳቀ።

እንግዳው ሲሄድ ጋሽ ካሳ በመርፌያቸው ክር እያስገቡ፣ እንደ ቀልድ፣ «ሰይዶ፣ እስቲ ያን መጽሐፍህን አምጣውና አንድ ገጽ አንብብልን» አሉት። የሚሉት ገብቶታል።

«ጋሽ ካሳ፣ እነዚያ እኮ መንገዱን አያውቁትም ነበር» አለ ሰይድ። «ሐሰን ያውቀዋል።»

ህዳር ላይ፣ ማሽላው አፍርቶ ወፍ ጥበቃው ሲያልቅ፣ ሰይድ ሄደ። ጋሽ ካሳ ሱሪው ውስጥ የሚደበቅ ኪስ ሰፉለት፣ ዋጋም አልተቀበሉትም። እናቴ ዱዓ አደረገችለት። እኔ ከማሳው ጥንቅሽ ቆርጬ ሰጠሁት፤ ወደ ዋጃ በሚሄደው ሚኒባስ መስኮት በኩል እየላጠ ልጣጩን አስፋልቱ ላይ ሲጥል አየሁት።

ታኅሣሥ ላይ ሁመድ መጣ፣ ተቀመጠም፣ እንደ ልማዱ ጠየቀ። ማን መጣ? ምን አለ? ከማን ሰማሁ አለ? ስንት ሆነው ሄዱ? ውሃውን የያዘው ማነው? የሚመራቸው የየትኛው ጎሣ ሰው ነው? አባቴ ለመጀመሪያው መለሰ፣ ለሁለተኛው መለሰ፣ ለቀሩት «አልጠየቅሁትም» አለ። ሁመድ አባቴን አልወቀሰውም፤ ተነሥቶ ለወገኖቹ መልእክት ላከ። ወሬው ከጉድጓድ ውሃ ወደ ጉድጓድ ውሃ፣ ከመንጋ ወደ መንጋ ሄዶ፣ ጨው ይዘው በሚመጡ ሰዎች አፍ ተመለሰ፤ እንዲህ ያለ ቡድን ታይቷል፣ መኪናው ጥሏቸው ተመልሷል፣ የቀረውን በእግር ሄደዋል፣ ጥንቅሽ ስለሚበቅልበት አገር የሚያወራ ረጅም ልጅ አብሯቸው ነበር፣ ኦቦክ ከተባለችው ወደብ አጠገብ ባሕሩ ዳር ደርሰዋል።

«ከዚያስ?» አለች እናቴ።

«ከዚያ ባሕር ነው፣ ከድጃ» አላት ሁመድ። «ባሕሩ ላይ ያየ የኛ ሰው የለም። ያላየሁትን አልነግርሽም።»

ሐሰን ግን ነገራት። «ደርሷል፣ ስልኩ ጠፍቶበት ይሆናል» አላት፤ በዓመቱም እንዲሁ፣ በሁለተኛውም ዓመት እንዲሁ።

ዛሬ ሐሰን ዋጃ ላይ መስታወቱ የሚያብረቀርቅ ፎቅ አለው። ሠርግ ቤት ከፊት ይቀመጣል፤ አባቴ ዛሬም አማች ነውና እጁን ይጨብጠዋል፣ እናቴ ግን ድምፁን ስትሰማ ወደ ጓዳ ትገባለች። ሁመድ አርጅቷል፣ ጋሽ ካሳ መርፌው አይታያቸውም። በረንዳው ላይ የሚያነብ የለም፤ የሰፈሩ ልጆች ባሕር ተሻግረናል ከሚሉ ሰዎች የሚለቀቅ ቪዲዮ ስልካቸው ላይ እያዩ ይውላሉ፣ ያ ቪዲዮ የት እንደተቀረጸም አይጠይቁም።

እኔ ሰይድ ያልጨረሰውን ሌላም ሌላም እየፈለግሁ ለብቻዬ አነበብኩት። የዚያ የጠፋ ጉዞ መርከቦች በቅርቡ ከባሕር ሥር ተገኝተዋል፤ የተገኙትም የበረዶው አገር ሽማግሌዎች ከጥንት ጀምሮ ይናገሩ በነበረበት አቅጣጫ ነው። ጠላቂዎች ወርደው የሸክላ ሳህን ፎቶ አንሥተው ወጡ፤ ዓለምም ለሳህኑ ተደነቀ። የማንኪያ ተሸካሚዎቹ ስም በደሴትና በባሕር ወሽመጥ ላይ ተጽፏል፣ የካፒቴኑም ሚስት ባሏን የሚፈልግ መርከብ ደጋግማ ልካለች። እናቴ የነበራት አንድ የጨው ነጋዴ፣ ሁመድ ብቻ ነው፤ እሱም መልእክቱ የሚደርስበት ድረስ ልኳል። ስለዚህ ዛሬም እነዚያን ጀግኖች እንቃቸዋለሁ፣ ከልጅነቴ ይልቅ ዛሬ ብሶብኛል። ልዩነቱ፣ ያኔ ንቀታችን እስከ ምድር ጫፍ ይሄድ ነበር፤ ከገዛ መሶባችን የሚበላ ሰው ዘንድ መድረስ ግን አልቻለም።

በዚያ ህዳር ከዋጃ አብራችሁት የተነሣችሁ፣ መኪናው ጥሏችሁ ሲመለስ አብራችሁት የነበራችሁ፣ ጀልባውን ዳር ላይ ቆማችሁ የጠበቃችሁ ካላችሁ፣ ሰይድ ይማም ይባላል፤ ረጅም ነው፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፣ ሲያወራ እንደሚያነብ ሰው ነው። ከጎኑ ማን እንደተቀመጠ፣ ጀልባዋ ላይ መውጣት አለመውጣቱን፣ መጨረሻ ያያችሁት የት እንደሆነ ንገሩን። ክፉም ቢሆን እናቴ ትሰማዋለች። ያላያችሁትን ግን አትጨምሩባት።