ድልድይ ያልበገረው አሻጋሪ

ቪቶሚር ሥራውን እንዲተው የተነገረው በአደባባይ፣ በነሐስ ሙዚቃ ታጅቦ ነው። በቲሳ ወንዝ ላይ አዲሱ ድልድይ የተመረቀ ዕለት ከንቲባው ሉቢንኮ ንግግሩን ሲጨርስ ወደ መድረኩ ጠራው። አባቱም እሱም ሰው ሲያሻግሩ ዕድሜያቸውን እንደጨረሱ፣ ከእንግዲህ ግን ሕዝቡ በአስፋልት እንደሚሻገር፣ እሱም ቤቱ ገብቶ ጎኑን እንዲያሳርፍ ነገረውና አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ሸለመው። ሕዝቡ አጨበጨበ። ቪቶሚርም ጎንበስ ብሎ ተቀበለ። በማግስቱ ማለዳ ሰዓቱን ጀልባው ላይ ሰቅሎ እንደወትሮው ተሳፋሪ ሲጠብቅ ተገኘ።

ጀልባው ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ ትራክተር ከነተጎታቹ ይጭናል። ሞተር የለውም። ከዳር እስከ ዳር የተወጠረውን የብረት ገመድ እየሳቡ ነው የሚሻገሩት፤ ያንን ገመድ ደግሞ ከአባቱ ሞት ወዲህ ከቪቶሚር ክንድ በቀር የሳበው አልነበረም።

በዚያ በጋ አንድም ሰው አልመጣም። ጎረምሶች የድልድዩን መደገፊያ ተደግፈው ከላይ፣ «ጋሼ ቪቶ፣ ዓሣ ነው የምታሻግረው?» ይሉታል። እሱም ቀና ሳይል፣ «አዎ፤ ከናንተ እነሱ ቁም ነገር አላቸው» ይላቸዋል። ጀልባው ቆሞ እንዳይበሰብስ ሲል የጎረቤቱን ፍየል ጠዋት ወደ ማዶ ለግጦሽ ያሻግራታል፣ ማታ ይመልሳታል። ፍየሏ ሰባች፤ የሱ ጉንጭ ግን ገባ።

ከንቲባው ይህን ነገር «ድርቅና» አለው። ቄስ ሲሜዎን ደግ ሰው ናቸውና «ጽናት» አሉት። ሚስቱ ስታኖይካ «በቅሎነት ነው» ብላ፣ ጎመኑ እስካሁን እንዳልተኮተኮተም አከለችበት። ያገሩ ሰው በጠቅላላው «ኢናት» ይለዋል። የኛ እልህ ይቀርበዋል፤ እልህ ግን ውሎ አድሮ ይበርዳል፣ ኢናት የተነሳበት ምክንያት ተረስቶም እሱ እንደቆመ ይቀራል። ራሱ ቪቶሚር ምን እንደሚለው ሲጠይቁት «ሥራ» ይል ነበር።

መከር ሲገባ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሚሉንካ ማዶ ላለ ሰው ተዳረች። በሠርጓ ቀን ቀይ ሥር የጫነ ትራክተር ድልድዩ መሐል ተገልብጦ መንገዱን ዘጋው። ሙሽራዋ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ወንዙ ዳር ቆመች፤ ጀልባውን አየች፣ ወለሉ ላይ ያለውን የፍየል በጠጥ አየች፣ ወደ ኋላዋ አፈገፈገች።

ድልድዩ ከተመረቀ ወዲህ ቪቶሚር ያገኘው ተሳፋሪ እሷ ብቻ ነበረች። አፉ ከሱ ቀድሞ ተናገረ።

«ነይ ልጄ፣ አትፍሪ። በውኃ የገባችን ሙሽራ አማት አይገዛትም። አያቴ ትል የነበረው ነው።»

አያቱ እሱ ሳይወለድ ነው የሞተችው፤ ስለዚህ የሚያስተባብለው አልነበረም። ሚሉንካ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ዘላ ገባች።

ማታ ለሚስቱ እየሳቀ አወራላት። ስታኖይካ ለክረምት ቃሪያ መክተፏን አቆመችና ቢላዋውን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ ሳቅ የለም።

«ስለ ድልድዩስ ምን አልካት?»

«ምንም።»

«አይ አንተ ሰውዬ፣ ግማሹን ትተኸዋላ።»

ጎመን ጎመን ስትል የከረመችው ሴት በማግስቱ ማለዳ ገበያ ወርዳ ግማሹን ሞላችው። ድልድይ ማለት ሁሉም የሚረግጠው ነው፤ በድልድይ የገባች ሙሽራም ዕጣዋ ያው ነው አለች። ነገሩ ጠዋት ላይ ገና እርጥብ ነበር፤ ምሳ ሰዓት ሲሆን መቶ ዓመት ሞላው። ማታ ላይ ሦስት ባልቴቶች ከቅድመ አያታቸው አፍ መስማታቸውን በመስቀል ማሉ።

ከዚያ በኋላ በጀልባ ካልሆነ የማትል ሙሽራ ጠፋች። ቄስ ሲሜዎን ወንዙ ድረስ ወርደው እውነት እንዲህ ያለ ወግ አለ ወይ ብለው ጠየቁት። ቪቶሚርም፣ ድሮ ድልድይ ስላልነበረ የዚህ አገር ሚስት ሁሉ በጀልባ መግባቷን አስታውሶ፣ ከነሱ ውስጥ ቤቷን ያልገዛች ያውቁ እንደሆነ መልሶ ጠየቃቸው። ቄሱ ስለ ገዛ እናታቸው አሰቡና ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

አማቶቹ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚመለሱ አልነበሩም። በመድኃኒት ቤቷ ባለቤት በፔርሳ መሪነት ተሰልፈው መጡበት። ፔርሳ ሳል የያዘው ሰው ደጇ ሲደርስ ሳሉን የሚውጥላት ሴት ናት። ቪቶሚር አቤቱታቸውን በጥሞና ሰምቶ፣ ልክ ናችሁ፣ የወጉን ጭራ ረስቼው ነው አላቸው፤ አማትየዋ አብራ ተሳፍራ ወንዙ መሐል ላይ የሙሽራዋን እጅ ከያዘች ሥልጣኑ እኩል ለእኩል ይሆናል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱንም ጫነ።

በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከንቲባው ባስመረቀው ድልድይ ላይ የሚያልፍ ሠርግ ጠፋ። ሙዚቃው ሁሉ ከድልድዩ ሥር ሆነ። ሉቢንኮ ፈቃዱ አልታደሰም በሚል ጀልባውን በሰንሰለት አስጠርቆ ቁልፉን ኪሱ ከተተው። ሳምንት ሳይሞላው ልጁ ዱኛ ልታገባ መሆኗን ነገረችው። የምታገባው የፔርሳን ልጅ ነው። በድልድይ ከሆነ ግን ጭራሽ እንደማታገባ ጨምራ ነገረችው።

ከንቲባው ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ቪቶሚር ቤት መጣ። ስታኖይካ ራኪያ ቀዳችለት፤ ያገሩ የፕሪም አረቄ ነው፣ የመጣን ሰው አንደበት ያፍታታል።

«ጋሼ ቪቶ፣ ለቅዳሜ ጀልባዋን አውጣልን።»

«የቷን ጀልባ? ያችን ያሰርካትን?»

«ቁልፉን ይዤ መጥቻለሁ።»

«እኔ እኮ ጡረተኛ ነኝ። አንተው ራስህ በሙዚቃ አሰናብተኸኛል።»

«እና ምን ይሻላል?»

«እኔ ተቀምጬ አቅጣጫ እይዝላችኋለሁ። ገመዱን አንተ ትስባለህ። አባት የሳበው ደግሞ ይበልጥ ይሠራል ይባላል።»

«ማን ነው እንዲህ የሚለው?»

ቪቶሚር ሚስቱን አየ።

«የኔ አያት» አለች ስታኖይካ፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

ቅዳሜ ድልድዩ ከምርቃቱ ወዲህ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም። አገር ምድሩ መደገፊያው ላይ ተደርድሮ ከንቲባው በሠርግ ልብሱ ገመድ ሲስብ ያያል። ነፋሱ ከፊት ነበር። ወንዙ እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ኮቱን አውልቋል፣ ከረባቱን ጥሏል፣ መዳፉ ተልጧል። ሙሽራው ልርዳህ ብሎ እጁን ዘረጋ፤ ሉቢንኮም እፎይ ብሎ ገመዱን ሊለቅለት ነበር። የዱኛን እጅ ይዛ የተቀመጠችው ፔርሳ ግን ቀደመች።

«ተወው በቃ፣ ክቡር ከንቲባ። ላንተ የሚሻልህ ማኅተሙ ነው።»

ሉቢንኮ ጆሮው ቀላ፣ አንገቱ ደንደን አለ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ ወደ ገመዱ ዞረ። ቪቶሚር ያንን አንገት ከኋላ ሲያየው የገዛ ወንድሙን ያገኘ መሰለው። ደስ ብሎት፣ ገመዱ ይበልጥ እንዲከብደው አቅጣጫ የሚይዝበትን መቅዘፊያ በስሱ ወደ ነፋሱ አዞረለት፤ ኢናት የያዘው ሰው ቶሎ ቢደርስ ቅር ይለዋል።

ማዶ ሲደርሱ ከንቲባው ጣቶቹ አልታጠፍ ብለውት የመጀመሪያውን ራኪያ ከልጁ እጅ ጠጣ። ፊቱ ግን ምርጫ ካሸነፈበት ቀን ይበልጥ ይበራ ነበር። ሰኞ ፈቃዱ ታደሰ። ስለ ድርቅና ከዚያ ወዲያ ሲያወራ የሰማው የለም።

ወጉም ሠራ። ፔርሳና ዱኛ ሥልጣኑን እኩል ለእኩል ተካፈሉት፤ ጠዋት አንዷ ታዛለች፣ ከሰዓት ሌላዋ። በጀልባ የተጋቡት ቤቶች ሁሉ እንዲሁ ሆኑ። ክረምቱ እንደወጣ የዱኛ ባል፣ የሚሉንካ ባልና ሌሎችም ባሎች አንድ እሑድ ተሰብስበው ወንዙ ዳር ወረዱ። አንገታቸውን ደፍተው፣ በወጉ ውስጥ ለወንዶች የሚሆን ነገር ይኖር እንደሆነ ቪቶሚርን ጠየቁት።

ቪቶሚር አገጩን ይዞ ብዙ አሰበ። እንደሌለ ከልቡ አዝኖ ነገራቸው። ቤት ለመግባት ካልቸኮሉ ግን ገመዱን መሳብ እንደሚችሉ ነግሯቸው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው።