በገዛ ፈቃዱ

እርሻው ላይ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም «ፉጨት» ነበር የሚለው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መርጫ በጀርባው አዝሎ የአረም መድኃኒት ረጭቷል። የመርጫው ጫፍ በቆሻሻ ሲደፈን ያወልቅና ከንፈሩ ላይ አድርጎ እፍ ይለዋል፤ ቀዳዳው ሲከፈት ያፏጫል። አለቃው አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር «ከሱ ተማሩ፤ በሽቦ ስትጎረጉሩ እንዳትውሉብኝ» ይል ነበር።

አንድ ማክሰኞ እፍ ቢለው አልከፈት አለው። በአፉ ሳበው። ጉንጭ እንኳ የማይሞላ መድኃኒት ጉሮሮው ገባ።

በሦስተኛው ቀን ምላሱ ተላጠ። በሰባተኛው ከአልጋው እስከ በሩ መድረስ አቃተው። ታላቅ እህቱ የልብስ ስፌት ሱቋን ዘግታ ሆስፒታል ወሰደችው።

«ትንፋሽ አጥሮት እያያችሁ ኦክስጅን ትነፍጉታላችሁ?» ብላ ዶክተሯ ላይ ጮኸች።

«እትዬ፣ የሳንባው የደም ሥሮች ከውስጥ በስስ ሕዋሳት የተለበጡ ናቸው። መርዙ እነሱን ጎድቶ አለያይቷቸዋል፤ በክፍተቱ ውሃ ወደ ሳንባው ይሰርጋል። ኦክስጅን ሲጨመርለት ደግሞ መርዙ ይብስበታል። የግድ ካልሆነ አንሰጠውም።»

ልብስ ሰፊ ናትና ገባት፤ ገበሩ ተተርትሯል። ልብስ ቢሆን ፈትታ መልሳ ትሰፋው ነበር።

አለቃው ብርቱካንና ወረቀት ይዞ መጣ። «እህቴ፣ እዚች ጋ ፈርሚልኝ። ለወጉ ነው።»

ወረቀቱ «ሠራተኛው በገዛ ፈቃዱ መርዝ ጠጥቶ» ይላል።

«ምን ማለት ነው ይሄ?»

«ታዲያ አፍህ ውስጥ ክተት ያለው ማነው?»

«አንተ ነሃ! ከሱ ተማሩ እያልክ ስታስጨበጭብለት አልነበር? ብርቱካንህን አንሳ! በዚህ በተላጠ አፉ ሊበላልህ ነው?»

ወንድሟ እጇን ያዘ። «እቱ... ልጆቼን፣ አባታችሁ ራሱን ገደለ እንዳይሏቸው።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ ሞተ።

ከተቀበረ በኋላ በማግስቱ ጠዋት ረጪዎቹ መድኃኒት በሚበጠብጡበት መጋዘን በር ላይ ቆመች። የሆነውን ሁሉ በራሷ እጅ ጽፋዋለች። ጮክ ብላ አነበበችው።

«ውሸት ካለበት ንገሩኝ፤ ከሌለበት ፈርሙልኝ።»

አለቃው «ሰዓት እየሄደ ነው!» አለ።

ሦስት ሰዎች መርጫቸውን አውርደው ፈረሙ። የቀሩት አንገታቸውን ደፍተው ወደ ማሳው ወጡ። አልረገመቻቸውም። አንድ በአንድ ግን ፊታቸውን አየች፤ ከዚያ በሦስቱ ፊርማ ብቻ ክስ ልትመሠርት ወደ ፍርድ ቤት ሄደች።