ብረቱ ምን አደረገ?

ልጅ ሳለሁ ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር፤ ያኔ መብራት ሲጠፋ እናቶቻችን ያማርራሉ፣ እኛ ልጆቹ ግን በሆዳችን እልል እንል ነበር። የከሰል ምድጃው ወደ ኮሪደሩ ይወጣል፣ ሽሮው ይጣዳል፣ ጭሱ በደረጃው ሽቅብ እየሄደ ላይኞቹን ያስላል፣ ቲቸር ጫልቱም ዱካቸውን ይዘው ከፍሙ አጠገብ ይቀመጣሉ። ቲቸር ዕድሜያቸውን ሙሉ ነቀምቴ ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ከእኛ ቤት ጎን የገቡ ሴት ናቸው። የቀበሮና የጦጣ ተረት አያውቁም፤ ወይም ያውቁና ይንቁታል። የእሳቸው ባለታሪኮች ብረት፣ ወርቅ፣ መዳብና ክሎሪን ነበሩ። «ዛሬ ማን ይምጣ?» ይላሉ፤ እኛ የአንዱን ስም እንጮሃለን፤ የተጠራው ይመጣል፣ መጥቶም ሰው ይገድላል።

እውነቴን ነው፣ ደም የሌለበት ተረት አልነበራቸውም። መዳብን አቅልጠው ጎራዴ የሠሩ ሰዎች ዓለም የእኛ ናት ብለው ሲኩራሩ፣ ብረት ከተራራው ማዶ መጣና ጎራዴያቸውን ከነክንዳቸው ቆረጠው። ወርቅ አንዱን ንጉሥ አሳብዶ የገዛ ወንድሙን አሳረደው። ክሎሪን ደግሞ ነፋስ ላይ ተፈናጦ እንደ ጭጋግ ወታደሮቹ የተደበቁበት ጉድጓድ ውስጥ ገባ፤ ወታደሮቹም በደረቅ መሬት ላይ፣ በገዛ ሳንባቸው ውሃ ሰጠሙ። «ያው ክሎሪን እኮ ነው እናትሽ ነጠላ የምታነጣበት በረኪና ውስጥ ያለው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በረኪናው ካለበት ባኞ ቤት ብቻዬን መግባት ፈራሁ።

«ኧረ ቲቸር፣ ልጆቹ በእንቅልፍ ልባቸው እየጮኹ ነው!» ትላለች እናቴ።

«ይጩኹ! የሚበሉበት ማንኪያ፣ የሚነካኩት ስልክ በስንት ሰው ደም እዚህ እንደደረሰ ካሁኑ ይወቁት» ይላሉ እሳቸው፣ ፍሙን እየቆሰቆሱ።

በእነዚያ ተረቶች ውስጥ ገዳዩ ሁልጊዜ ማዕድኑ ነበር። ብረት ወረረ፣ እርሳስ ጥይት ሆኖ ደረት በሳ፣ ወርቅ አሳረደ፤ ሰውየው ስም አልነበረውም። ያኔ ይህ አልታየኝም፤ ደሙ ይበቃኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቲቸር የውሃ ዳይናሞ ተቃጠለ። አስፈትተው ውስጡ የተጠመጠመውን የመዳብ ሽቦ አሳዩን፤ ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ልንካው ልንካው የሚያሰኝ ነገር ነው። ከዚያ ሰፈራችንን የሚዞረውን ቆራሌ፣ ሙደሲርን፣ ጠርተው በአንድ የፕላስቲክ ሳፋ ለወጡት። ሙደሲር አሮጌ ጫማ፣ ጠርሙስና ብረታ ብረት የሚሰበስብ፣ ከሥልጤ የመጣ ቀጭን ሰው ነበር። ሽቦውን ጠቅልሎ ጆንያው ውስጥ ከተተና ቲቸርን መርቆ ሄደ።

ሲመሻሽ መብራት ድርግም አለ። ወዲያው ከግቢያችን አጠገብ ካለው ግንባታ ጀርባ የኤሌክትሪክ ገመዱን ሌባ ቆርጦ ወሰደው ተባለ። ባለፈው እንዲሁ ተቆርጦ ሰፈሩ ጨለማ ውስጥ ሲከርም፣ ምድር ቤት ሱቅ ያለው ጋሽ ታምራት ፍሪጅ ሙሉ ወተትና ሥጋ አውጥቶ ጥሎ ነበር። ጋሽ ታምራት ከረሜላ ሳይመርቅ ልጅ የማያሰናብት፣ ማንንም ክፉ የማይናገር ሰው ነው። እኔም ሻማ ልገዛ እሱ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ነበር፣ ሙደሲር ጆንያውን ተሸክሞ በግቢው በር ሲያልፍ። አንዱ አስቆመውና ጆንያውን ዘረገፈው። ከጫማውና ከጠርሙሱ መሃል መዳቡ ወጣ።

«ሌባ!» የሚለውን ማን እንደጀመረው አላውቅም። መጀመሪያ ጥፊ ነበር፣ ከዚያ እርግጫ፣ ከዚያ ድንጋይ። የማውቃቸው ሰዎች፣ እሁድ እሁድ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው የሚወጡ፣ ልጅ አቅፈው የሚስሙ ሰዎች ተራ እየተጠባበቁ ረገጡት። ጋሽ ታምራት በአጠገቤ ሮጦ አለፈ፤ የግንባታው አሸዋ ላይ ከተጋደመው ፌሮ ብረት አንዱን አነሣ። ፌሮ አጥንት ላይ ሲያርፍ ያለውን ድምፅ ዛሬም መግለጽ አልፈልግም። «የቲቸር ነው! ሽቦው የቲቸር ነው!» ብዬ ጮኽኩ፤ ማን ሊሰማኝ። ሙደሲርም አንድ ነገር ይል ነበር፤ ጥርሱ ረግፎ ከአፉ የሚወጣው ግን ደም ብቻ ነው። ሊሞት እንደሆነ ገባኝ። ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ።

ቲቸር ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በየፎቁ ሳያርፉ ወርደው አያውቁም። ያን ቀን ስነግራቸው ግን ነጠላ ጫማ እንኳን አላደረጉም። ሰዉን በክርናቸው እየገፉ ገቡና ሙደሲር ላይ ተደፉ፤ ወደ ላይ የተነሣው ፌሮም የእሳቸው ክንድ ላይ አረፈ። አጥንቱ ቀጭ ሲል ሁላችንም ሰማን።

«ኧረ ቲቸር ናቸው!» አለ አንዱ።

«ሽቦው የኔ ነው» አሉ፣ ሳይጮኹ። «ጠዋት በእጄ የሰጠሁት። ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ የሚጠይቅ ጠፋ?»

«ታዲያ እሱስ ለምን አልተናገረም?» አለ ከኋላ የቆመ ሰው።

«በምን አፉ?» አሉ ቲቸር።

ሙደሲር ተረፈ፤ አንድ ዓይኑ ግን አልተረፈም። ፖሊስ መጥቶ ሲጠይቅ ቲቸር የመቺውን ስም ተናገሩ፤ ጎረቤቱ በሙሉ ግን ጨለማ ነበር፣ አላየንም አለ። እኔን ልጅ ናት ብለው አልጠየቁኝም። ጋሽ ታምራት ሽማግሌ ላከ፣ የሙደሲርን ማሳከሚያ ቻለ፣ የቲቸርን እግር ስሞ ይቅርታ ለመነ። ሰፈሩም ነገሩ በእርቅ አለቀ ብሎ እፎይ አለ።

ሌላ ጊዜ መብራት ሲጠፋ ጋሽ ታምራት ራሱ ትንሿን ልጁን ታቅፎ ኮሪደራችን ላይ መጥቶ ተቀመጠ። ቲቸር ማን ይምጣ ብለው አልጠየቁንም።

«አንድ ባለሱቅ ነበር» ብለው ጀመሩ። «ልጆች ይወዱታል፣ እሱም ይወዳቸዋል።»

ከዚያ ሁሉንም ተረኩት፤ ጆንያውን፣ ጥፊውን፣ ተራ የጠበቁትን ሰዎች፣ ዓይኑን። እናቴ ሽሮውን ማማሰል ትታ ቆማ ቀረች። እኔ ደግሞ የለመድኩት ተረት እንዲሆንልኝ ፈልጌ፣ መቋቋም ሲያቅተኝ ጠየቅሁ፦ «ብረቱስ ቲቸር? ብረቱ ምን አደረገ?»

በጄሶ የታሰረ ክንዳቸውን ጭናቸው ላይ አመቻቹና ተመለከቱኝ። «ብረቱማ ምን ያደርጋል ልጄ? አሸዋው ላይ ተኝቶ ነበር።»

ጋሽ ታምራት ተነሥቶ አልሄደም። ፍሙ ፊቱን አቅልቶት፣ የልጁን ፀጉር እየዳሰሰ እስከ መጨረሻው ሰማ።

ቲቸር ካረፉ ቆይተዋል። እኔም አድጌ ለሚ ኩራ ግንባታ ላይ መሐንዲስ ሆኛለሁ፤ ብረትና መዳብ መሃል ነው የምውለው፣ ከመካከላቸው አንዱም አያስፈራኝም። እናቴን ለመጠየቅ ሰሚት ስሄድ ግን ጋሽ ታምራት አሁን ሸብቶ፣ ከሱቁ ወጥቶ፣ «የኔ ልጅ፣ አደግሽ እኮ!» እያለ እጁን ይዘረጋልኛል፤ እኔም እጨብጠዋለሁ። እጁ ሞቃት፣ ለስላሳ፣ የደግ ሰው እጅ ነው። የምፈራው እሱን ነው።