ጥይት ኪስ ውስጥ የገባው መንጠቆ

ይህን ቦርሳ ማነው ያሰናዳው? መንጠቆው ልቅ፣ ክሩ ከዳቦው ጋር የተጠላለፈ። ዓርብ ለአደን ወደ ጎሊስ ተራራ የምትወጡት በዚህ ነው? ተቀመጡ፤ ሳትሄዱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ድምፄ ከፍ ካለ ታገሡኝ። ይህን ነገር ሳልቆጣ አውርቼው አላውቅም።

ጉ የሚሉት የበልግ ዝናብ ያባራበት ሰሞን ነበር። ሣሩ ገና አልደረቀም፤ ሐጋ የሚሉት የደረቁ ወራት ንፋስም አልተነሣም። ጃማ የሚባል ፍየል አርቢ እዚህ ሐርጌሳ ድረስ መጥቶ ፈለገኝ። አዴር ጃማ እለዋለሁ፤ በሶማልኛ አጎቴ እንደማለት ነው። አንድ ጅብ በረቱን እየሰበረ ፍየሎቹን ጨርሶበታል። በወጣትነቴ በባቢሌ ቆላ ከአባቴ ጋር ስንት ዓመት እንዳደንኩ ሰምቶ ኖሮ፣ «አንተ ካልመጣህ ለሐጋው የምናልበው አይኖረንም» አለኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ሦስተኛችን ሳሊም ነው። ድሬዳዋ ያደገ፣ እዚህ ቢሮ የሚሠራ፣ አማርኛ ስለምናወራ የተዋደድን ሰው። መኪናው የእሱ ነበረች። ጅቡን ከገደልን በኋላ በርበራ ባሕር ዳር ወርደን ዓሣ እናጠምዳለን ብሎ አዲስ ዘንግ፣ አንድ ጥቅል የናይለን ክርና በላስቲክ የተቋጠረ መንጠቆ ይዞ መጣ። «ሳሊም፣ አደን አደን ነው፤ ይህን መኪና ውስጥ ተወው» አልኩት። «ምን ይከብዳል ጋሼ? ዘንጉ እኮ ይታጠፋል» አለኝ። ይዞት ወጣ። ያኔ እምቢ ማለት ነበረብኝ።

ጎሕ ሲቀድ ዱካውን አገኘነው። የፊት መዳፉ ከኋላው ይሰፋል፣ ጥፍሩ አሸዋው ላይ ተተክሏል፤ የኋላ ቀኝ እግሩ ግን አይረግጥም፣ ይጎተታል። ፍየል የለመደው ለዚህ ነው፤ ሮጦ መያዝ ያቃተው አውሬ ነው። ዱካው ቶግ የሚሉትን ደረቅ ወንዝ ይዞ ሽቅብ ይሄዳል። አሩ ገና እንደ ኖራ ያልነጣ፣ ያልደረቀ ነበር። ጃማ ጎንበስ ብሎ አየና በእጁ ወደ ገደሉ ጠቆመኝ፤ ቅርብ ነው ማለቱ ነው።

ረፋዱ ላይ ዝናብ የተወው ኩሬ ዘንድ ደረስንና ውኃ ልንጠጣ አረፍን። እኔና ጃማ ገደሉን ልናይ ጥቂት ራቅ አልን። ቦርሳዬን ትቼ ነው የሄድኩት። ለካ ኩሬው ውስጥ ጣት የሚያካክሉ ዓሦች አሉ። ሳሊም ዘንጉን ዘርግቶ መንጠቆውን ወረወረ። እኔ ከወዲያ «ና ቶሎ!» ብዬ በእጄ ስጠራው ክሩን እንኳ ሳይጠቀልል፣ ከነመንጠቆው ሰብስቦ ቅርቡ ያገኘው ኪስ ውስጥ ከተተው። የእኔ ቦርሳ የጎን ኪስ ነበር። ቦርሳውን አቀበለኝ፤ መንጠቆ እንዳለበት ግን አልነገረኝም።

ጥይቴ ያለው እዚያ ኪስ ውስጥ ነው። የዝናሬ ስፌት ከተተረተረ ሰንብቷል። እኔ፣ ሐርጌሳ ዋሄን ገበያ ተቀምጬ የሰው ቦርሳና ቀበቶ ስሰፋ የምውል ሰው፣ የራሴን ዝናር ነገ እሰፋዋለሁ እያልኩ ጥይቱን ኪስ ውስጥ ይዤ ወጣሁ።

ጅቡ ከገደሉ ሥር ካለ ዋሻ ወጣ። ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ጠመንጃዬ ባለ ሁለት አፈሙዝ ነው፤ ሁለት ይጎርሳል፣ ከዚያ እንደገና ማጉረስ ነው። የመጀመሪያው ጥይት ወገቡን መታው። ወደቀ፣ ተነሣ። ሁለተኛው ድንጋይ መታ። የቆሰለ ጅብ ይሸሻል ያላችሁ ሰው ዋሽቷችኋል። ይህኛው መጣ፤ በሦስት እግሩ፣ ሳይጮኽ፣ ቀጥታ ወደ እኔ።

ቀለሁን አራግፌ እጄን ኪሱ ውስጥ ሰደድኩ። ባለ ሦስት ጥርሱ መንጠቆ መሐል ጣቴ ውስጥ ገባ። ስስብ ሥጋዬን ያዘው፤ ክሩ ጥይቶቹ ላይ ተጠምጥሟል። በኃይል ስመነጭቀው ሁሉም ተያይዞ ወጣና ጥይቶቹ ጠጠሩ ላይ ተበተኑ። ልለቅማቸው ተንበረከክሁ።

ጃማ «ዋራቤ!» ሲል ሰማሁ። ጅብ ማለት ነው። ቀና ስል በእኔና በአውሬው መካከል ቆሟል። ጅቡን የመታበት ዱላ ተሰብሯል። የትከሻ ፎጣውን ግራ ክንዱ ላይ ጠቅልሎ ወደፊት ዘረጋ፤ ጅቡም ክንዱን ያዘ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ድምፁ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም።

አንዲት ጥይት አገኘሁ። ክሩ ከጣቴ እየተንጠለጠለ አጎረስኩ፣ አፈሙዙን የጅቡ አንገት ሥር ሰክቼ ቃታ ሳብኩ። ሞቶም አልለቀቀም። መንጋጋውን በተሰበረው ዱላ ፈልቅቀን ነው የጃማን ክንድ ያወጣነው።

ክንዱን የሚደግፍ ቀጥ ያለ ነገር አስፈለገን። «ዘንጉን አምጣ፤ እንሰብረዋለን» አልኩት ሳሊምን። ዘንጉን አየ። ለአፍታ አመነታ። ከዚያ አመጣው፤ አልክድም። ግን ያቺን አፍታ ልረሳት አልቻልኩም። ደም የሚፈሰው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እሱ ዘንጉን ያያል።

መኪናው ጋ እስክንደርስ ከቀትር እስከ አስር ሰዓት ተጓዝን። ጃማ አንዴም አልጮኸም፤ «አልሐምዱሊላህ» እያለ ብቻ ይራመዳል። ሐርጌሳ ሐኪም ቤት ክንዱ ተረፈ፤ ጣቶቹ ግን አይጨብጡም። ዛሬ ፍየሎቹን የምታልበው ሚስቱ ናት።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሳሊም «ቀደር ነው ጋሼ፣ የአላህ ውሳኔ ነው» አለኝ።

«የአላህን ስም ተወው» አልኩት። «መንጠቆውን ኪሴ የከተትከው አንተ ነህ። ከተትኩት ብለህ አንዲት ቃል ብትናገር ምን ነበረበት?»

 አሁን ሳሊም እዚሁ ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ሻይ ቤት ተቀምጦ ነገሩን እንደ ቀልድ ያወራዋል አሉ፤ ጋሼን ዓሣ አድርጌ ያዝኩት እያለ። ሰዎች ይስቃሉ። እኔ በዚያ በኩል ማለፍ ትቻለሁ።

ስለዚህ ስሙ። መንጠቆ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ጫፉ ቡሽ ላይ ተሰክቶ ይቀመጣል። ክር እንጨት ላይ ይጠቀለላል። የማጥመጃ ዕቃ በባለቤቱ ቦርሳ እንጂ በሌላ ሰው ቦርሳ አይገባም። ከመውጣታችሁ በፊት ቦርሳችሁን እዚህ፣ እኔ ፊት ታራግፋላችሁ። የማያራግፍ አይሄድም።

ባለፈው ዒድ ጃማን ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ስለ ሳሊም መናገር ጀመርኩ፤ ስድቤን እስክጨርስ ታገሠኝ። ይቅር ብሎታል፤ እንዲያውም በእኔ ሰላምታ ላከለት። ከዚያ በማይጨብጠው እጁ ጉልበቴን ነካ አድርጎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«አንተ አዳኝ ነህ። ጥይትህን ከወገብህ ምን አራቀው?»

  ሳሊምን በረገምኩ ቁጥር ጥያቄው ይመጣል፤ ንዴቴም ግማሹ ወደ ራሴ ይዞራል። አሁን ቦርሳውን ወዲህ አምጡት፤ አብረን እናራግፈው።