የበሬ ጉልበት በዐቢይ ጾም

በዐቢይ ጾም መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የበሬ ጉልበት ታቅፌ ቤት ልገባ ስል አከራዬ እትዬ የሺ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ... ዘመኑ ደርግ፣ ከተማው ጂንካ። እኔ ባዮሎጂ የማስተምር ወጣት መምህርት ነበርኩ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው ቀን፣ ክፍል ውስጥ ነው። ትምህርቱ ስለ ልም አጥንት ነበር፤ አፍንጫችንንና ጆሯችንን ቅርጽ ሰጥቶ ስለያዘው፣ መገጣጠሚያችን ውስጥም ስላለው ለስላሳ ነገር። ዓይነቱ ሦስት ነው ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ተማሪዎቹ ገለበጡ። ስጠይቃቸው ሦስቱንም በቃላቸው ወረዱልኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ከገዘር መንደር የመጣው ጴጥሮስ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ልም አጥንት ማለት ገና ያልጠነከረ አጥንት ነው አይደል? የሕፃን አጥንት?»

ግማሹ ክፍል ልክ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ተናደድኩ... በእነሱ ሳይሆን በሰሌዳው። «ነገ ከሰዓት በእጃችሁ ትነኩታላችሁ!» አልኳቸው። እኔ ደግሞ አንዴ ካልኩ ወይ ፍንክች!

ችግሩ ጾሙ ነው። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ዘግተዋል። ክፍት የነበረው የጋሽ ሁሴን ብቻ ነው። ያኔ ደግሞ ክርስቲያን በጾም ቀርቶ በፍስክም እስላም ያረደውን አይበላም። ቢሆንም ገባሁ።

«ጋሽ ሁሴን፣ አንድ ጉልበት ከነመገጣጠሚያው፣ ጆሮና ጉሮሮ ይስጡኝ።»

ቢላቸውን አስቀመጡና ግራ ቀኝ አዩ። «ሥጋስ?»

«ሥጋ አልፈልግም። ለትምህርት ነው።»

«ገባኝ...» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለትምህርት።»

ወደ ጓዳ ገብተው በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡልኝ። ከበደኝ። የበሬ ጉልበት መቼም ቀላል አይሆንም ብዬ ወጣሁ።

እና እትዬ የሺ በር ላይ። በዚያ ጾም ቤተ ክርስቲያን ሲሰግዱ ነው የሚውሉት፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ጥቅሉን አዩት።

«ምንድነው እሱ?»

«የትምህርት መሣሪያ ነው።»

«ትምህርት ይደማል እንዴ?»

ዝቅ ብዬ ሳይ ጋዜጣው ርሷል። «አጥንትና ጆሮ ብቻ ነው፤ ይኸው ይዩ!» ብዬ ፈታሁት... ክው አልኩ። ከላይ፣ ከሁሉም በላይ፣ ቀይ የሚያምር የሽንጥ ሥጋ ተጋድሟል። ለካ ጋሽ ሁሴን ሥጋ መፈለጌን አፍሬ የደበቅኩ መስሏቸው፣ አዝነውልኝ ጨምረውልኛል!

«መግደፍሽ ሳያንስ የእስላም ሥጋ! እኔ ቤት!» ጮኹ እትዬ የሺ። «ዛሬውኑ ጓዝሽን ይዘሽ ውጪልኝ!»

በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ ጾም ገድፋ ተባረረች ከተባለ ሌላ ቤት የሚያከራያት የለም። ፈራሁ። እንባዬ መጣ። ግን ተማሪዎቼ እየጠበቁኝ ነው።

«እወጣለሁ» አልኳቸው። «መጀመሪያ ግን አስተምራለሁ። እርስዎም መጥተው ይዩ። ከዋሸሁ ጓዜን መንገድ ላይ ይጣሉልኝ።»

«ላልመጣ ነው? ሂጂ፣ ቅደሚ!»

እኔ ጥቅሌን ታቅፌ፣ እሳቸው በምርኩዝ እያነከሱ፣ ከተማው መሃል ያለውን የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ አቋርጠን ትምህርት ቤት ደረስን። ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸው ከሽንጡ ላይ አልተነቀለም።

ጀመርኩ። ጆሮውን አዙሬ ሰጠኋቸው፤ አጥፈው ሲለቁት ተመልሶ ቀጥ ይላል። «አንዱ ይኼ ነው፣ ተለጣጩ።» ጉሮሮውን በጣታቸው ሲዳስሱ ቀለበቶቹን አገኟቸው። ከዚያ ጉልበቱን ከፈትኩት። የአጥንቱ ጫፍ ነጭ፣ እንደ ብርጭቆ ልሙጥ ነው። «ይኼና የጉሮሮው ቀለበት አንድ ዓይነት ናቸው። በሁለቱ አጥንቶች መሃል እንደ ትራስ የገባው ጠንካራው ደግሞ ሦስተኛው። ከአከርካሪያችን አጥንቶች መካከልም አለ።»

ጴጥሮስ ጣቱን አጥንቱ ጫፍ ላይ አንሸራተተ። «ቲቸር፣ የሕፃን አይደለም... ትልቅ በሬ ነው!»

ክፍሉ ሳቀ። በሳቁ መሃል የምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ። እትዬ የሺ ጠረጴዛው ዘንድ መጥተዋል።

«ይኼ እኔም ውስጥ አለ?»

«አለ፣ እትዬ።»

«ታዲያ የኔ ለምን ቋ ቋ ይላል?»

«እየሳሳ ሄዶ ይሆናላ። የደም ሥር የለውም፤ አንዴ ከተጎዳ በቀላሉ አይተካም።»

ልሙጡን ጫፍ በጣታቸው ነኩት። ቆዩበት። «የንስሐ አባቴ ተቀምጠሽ ጸልዪ ሲሉኝ ሰይጣን ሊያሰንፈኝ ነው ብዬ እምቢ አልኩ... ስሰግድ የከረምኩት በዚህ ላይ ነው?» አሉ ቀስ ብለው። ንዴቴ ሁሉ ጠፋ፤ አንጀቴን በሉት።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ጋሽ ሁሴን ሥጋውን ለምን እንደጨመሩ ነገርኳቸው። ምርኩዛቸውን አነሱ። «ሥጋውን ያዢው። እንመልሳለን። የልጅ ስም ሲጠፋ ዝም አልልም!»

«እትዬ፣ ጉልበትዎ...»

«ቅደሚ አልኩሽ!»

እትዬ የሺ የጋሽ ሁሴን ሥጋ ቤት በር ላይ ቆመው ተናገሩ። «ይቺ ልጅ አልገደፈችም! ትምህርት ነው። እኔ ራሴ አይቻለሁ፣ በእጄም ነክቻለሁ!»

ጋሽ ሁሴን እኔን አዩኝ። እሳቸውን አዩ። ግራ ቀኝ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እርስዎም እትዬ የሺ?... አይዞዎት፣ ለማንም አልናገርም።»

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ገደፉ ተብለን አብረን ታማን፤ ቤቱን ግን አልለቀቅኩም።