የንግሥቲቱን ወገብ የምታውቅ ሴት

የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ስሟን ትተው «መርፌዋ» ነበር የሚሏት። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ ነበሩ፤ ምላሷ ስለሚወጋ ነው የሚሉም አልጠፉም። ይሁን እንጂ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የንግሥቲቱን ልብስ ስትሰፋ ኖራ፣ ከልብስ ክፍሉ ደጃፍ አንዲት ወሬ ይዛ ወጥታ አታውቅም።

ንግሥቲቱ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ከሌላ አገር ተድረው ሲመጡ መርፌዋ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። በሠርጉ ማግስት ልትለካቸው ገባች። ሙሽራዋ ቋንቋ አያውቁም፤ መስኮቱን ተደግፈው ቆመዋል። ሜትሩን ወገባቸው ላይ ስታዞር ሰውነታቸው ሲንቀጠቀጥ እጇ ላይ ተሰማት። ለቅሷቸውን እየዋጡ ነበር። መርፌዋ ምን ትበል? ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ መሐረብ አቀበለቻቸውና የገዛ አፍንጫዋን ይዛ እንዴት እንደሚናፈጡ አሳየቻቸው። ንግሥቲቱ ከነእንባቸው ሳቁ። ቋንቋውንም የለመዱት አብዛኛውን ከእሷ አፍ ነው። ለዚህ ነው አንዳንዴ በሹማምንቱ ፊት የሰፈር ቃል እያመለጣቸው ሰውን ሁሉ የሚያስደነግጡት።

ንግሥቲቱ መፀነሳቸውን ከሐኪሙም ከንጉሡም በፊት የምታውቀው መርፌዋ ነበረች። ምንም ሳትናገር የቀሚሱን ጎን ተርትራ ለቀቅ ታደርገዋለች። ሦስት ጊዜ አሰፋች። ሦስቴም ያሰፋችውን መልሳ አጠበበች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳይወለዱ ቀሩ፤ ሦስተኛው ልጅ ወንድ ነበር፤ አርባ ደቂቃ ያህል ተነፈሰ፤ ከዚያ በቃ።

ከዚያ ወዲያ ንግሥቲቱ ሁለት ወር ከክፍላቸው አልወጡም። አንድ ቀን መርፌዋ ቀሚስ ልታስሞክራቸው ስትገባ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ ጠየቋት።

«እናንተ ሰፈር ሴቶች ሲወልዱ ምን ይሆናሉ?»

«አንዳንዷ ትተርፋለች፣ እመቤቴ።»

«ሌላዋስ?»

መርፌዋ ስለ ታላቅ እህቷ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ያን ዕለት ግን አፏ ተፈታ። እህቷን ሁለት ቀን ምጥ ይዟት፣ ሐኪም ቤቱ ሩቅ ሆኖ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ የቤታቸውን በር ነቅሎ በእሱ ላይ አስተኝቷት ሲሮጥ፣ መንገድ ላይ እጃቸው ላይ ቀረች።

«በሩን መልሰን ገጠምነው» አለች መርፌዋ። «እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ በጓሮ በኩል ነበር የምትገባ የምትወጣው።»

ንግሥቲቱ ዞር ብለው አዩዋት። ተነሡና «አልብሺኝ» አሉ።

የንጉሥ ሚስት ማኅተም የላትም። ምክር ቤት አትቀመጥም፣ አዋጅ አትፈርምም። ቁርስ ግን ከንጉሡ ጋር ትበላለች። ንግሥቲቱ በየማለዳው ያቺኑ አንዲት ነገር ያነሣሉ፤ ማዋለጃ ቤት፣ ከጎኑም የአዋላጆች ትምህርት ቤት። አሳላፊው እንዳወራው፣ ንጉሡ ገና ወንበር ሲስቡ «ዛሬም ያው ነው?» ይላሉ። «ዛሬም ያው ነው፤ ነገም ያው ነው» ይመልሳሉ ንግሥቲቱ። አንድ ሚኒስትር ቦታ የለም ብለው ቢከራከሩ «ፈረሶቹ ቤት አላቸው፤ ሴቶቹ ናቸው ያጡት» አሏቸው። በአሥራ አራተኛው ወር ንጉሡ ተሸነፉ። የቤተ መንግሥቱ ጋጣ ተጠርጎ፣ ተለስኖ፣ ኖራ ተቀብቶ ሃያ አልጋ ገባበት። የከተማው ሰው ስሙን «ፈረስ ቤት» አለው። «የት ወለድሽ?» ስትባል «ፈረስ ቤት» ብላ የማትስቅ እናት አልነበረችም።

የመርፌዋ አንድያ ልጅም አድጋ እዚያው አዋላጅነት ተማረች። የተመረቀች ዕለት ነጩን ሽርጥ ከኋላ ያሠሩላት ንግሥቲቱ ራሳቸው ነበሩ። እግዜር ልጅ ባይሰጣቸውም የዚያች ከተማ ልጅ ግማሹ በእሳቸው ነው የተወለደው፤ መርፌዋ ሁልጊዜ የምትለው ይህንኑ ነበር።

ንጉሡ ሲሞቱ ዘውዱን ታናሽ ወንድማቸው ወሰዱ። የአዲሱ ንጉሥ ሚስት ባሏ ከሞተባት ንግሥት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አልኖርም አሉ። ንግሥቲቱ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ርቀት ላይ ወዳለ የሐይቅ ዳር ቤት እንዲሄዱ ሁለት ሳምንት ተሰጣቸው። ሻንጣው ሲታሠር መርፌዋን አስጠሯት።

«አብረሽኝ ትመጫለሽ?»

መርፌዋ መሬት መሬት አየች። ልጇ ነፍሰ ጡር ናት፣ ስምንት ወሯ ነው፤ ጽንሱ ተጋድሞባታል። አዋላጅ ስለሆነች አደጋውን አሳምራ ታውቀዋለች፤ ስለምታውቀውም ፍርሃቷ በዛ። ቀን ከሌት «እማዬ፣ እንዳትለዪኝ» ትላለች።

«ልጄ ትገላገልና እመጣለሁ፣ እመቤቴ። አንድ ወር ነው።»

«ሂጂ፣ ልጅሽ ጋ ሂጂ» አሉ ንግሥቲቱ። «እኔ ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው?»

መኪናው ከግቢው ሲወጣ ወደ ኋላ አላዩም።

በአሥረኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። አጭር ነበር፦ «ቀሚሶቹ ሁሉ ሰፉኝ። የሚያጠብብልኝ ሰው የለም። አትቸኩዪ።» መርፌዋ «አትቸኩዪ» የምትለውን አይታ እፎይ አለችና ደብዳቤውን አጥፋ ጉያዋ ከተተችው።

ልጇ አንድ ቀን ተኩል አምጣ፣ በስንት መከራ፣ ፈረስ ቤት ውስጥ ሴት ልጅ ተገላገለች። አራሷ መቆም ስትጀምር፣ በሃያኛው ቀን፣ መርፌዋ መቀሷንና ክሯን ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች። መንገዱን ሁሉ ለንግሥቲቱ የምትነግራቸውን ስታሰናዳ ሄደች፤ የሕፃኗን ቁጣ፣ የልጇ ባል በምጡ ሰዓት ራሱን መሳቱን።

የሐይቁ ዳር ቤት በር ላይ አንዲት የቤት ሠራተኛ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች።

«ማንን ፈልገው ነው፣ እማማ?»

«እመቤቴን። ልብስ ሰፊያቸው ነኝ።»

ልጅቷ አፏን ያዘች። «እርስዎ ነዎት? ሐሙስ ዕለት እኮ ቀበርናቸው። ከቤተ መንግሥት ለማንም እንዳትናገሩ ተብለን ነው።»

መርፌዋ አላለቀሰችም። ቦርሳዋን እንደ ታቀፈች ቆመች። ልጅቷ እየተንተባተበች ነገረቻት። ገና እንደ መጡ እህል እምቢ አላቸው። ሐኪም ይጠራ ሲባሉ «ልብስ ሰፊዬ ስትመጣ እነሣለሁ» ይላሉ። መንገዱ ወደሚታይበት ደጅ ወንበር አስወጥተው ውለው ይገባሉ።

«ምን አለበሳችኋቸው?» አለች መርፌዋ።

«ሰማያዊውን። እንዲያው በጣም ሰፍቷቸው ነበር። ከጀርባቸው ሰብሰብ አድርገን በስፒል ያዝነው።»

«በስንት ስፒል?»

«እኔ እንጃ፣ እማማ። ዘጠኝ፣ አሥር ይሆናል።»

ያኔ መርፌዋ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና «በስፒል! እመቤቴን በስፒል!» እያለች ደረቷን መታች። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንዲት ስፒል ገላቸውን አስነክታ አታውቅም ነበር።

መቃብሩ ገና ድንጋይ አልተደረገበትም። እዚያ ዋለች። በማግስቱ የልብስ ቁም ሣጥኑን አስከፍታ ቀሚሶቹን አንድ በአንድ አወጣችና የቤት ሠራተኛዋን ጠራቻት።

«በመጨረሻ ወገባቸው ምን ያህል ነበር? አሳዪኝ።»

ልጅቷ በሁለት እጇ አየር ላይ ክብ ሠራች። የሕፃን ወገብ ያህል ነበር። መርፌዋ በዚያ ልክ ሦስት ቀን ተቀምጣ አሥራ ስድስት ቀሚስ አጠበበች። «ለማን ነው?» ብላ ልጅቷ ብትጠይቃት የሚቀጥለውን ቀሚስ አንሥታ መተርተር ጀመረች። ሁሉንም ተኩሳ ሰቀለችና ወደ ከተማ ተመለሰች።

ስትመለስ የፈረስ ቤት በር ላይ የአዲሷ ንግሥት ስም በትልቁ ተጽፎ ጠበቃት። እናቶቹ ግን ዛሬም ፈረስ ቤት ነው የሚሉት።

ልጇ ደብዳቤውን ያየችው ያኔ ነው። «እማዬ፣ አትቸኩዪ ብለውሽ ነበር እኮ። ምን ጥፋት አለብሽ? ብትሄጂ ኖሮ እኔስ?»

«እሱማ ልክ ነሽ» አለች መርፌዋ። «እኔ ግን ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ነው ያነበብኩት።»

ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረች። በየዓመቱ አንድ ጊዜ አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ሐይቁ ትሄድ ነበር። በመጨረሻው ዓመት እግሯ እምቢ ሲላት ልጇና የልጅ ልጇ ደግፈው ወሰዷት። መቃብሩ አጠገብ አቀመጧት። የአውቶቡሱ ሹፌር ጥሩምባውን ሁለቴ እስኪነፋ ድረስ አልተነሣችም።