ጋቢ የለበሰው ጀልባ

ታላቅ ወንድሜ ከገደሉ አፋፍ ካለው የእናታችን ቤት እየተነሳ ዓባይ ወርዶ ዓሣ ያጠምዳል። ድሮ የሚንሳፈፍበት የተነፋ የፍየል ስልቻ ነበር። አንድ ቀን ስልቻው የግራር እሾህ ላይ አርፎ መሃል ውኃ ላይ ተነፈሰበት፤ ነፍሱን በጥርሱ ይዞ ወጣ። እኔ መካነ ሰላም ከተማ ቢሮ ቁጭ ብዬ ይህን ስሰማ እንጀራ አልወርድልሽ አለኝ። ጀልባ እገዛለታለሁ አልሁ።

በስልኬ ሁለት ዓይነት አሳየሁት። ሁለቱም ረጃጅም ጥንድ ተንሳፋፊዎች ናቸው፤ መቀመጫው በላያቸው ነው። አንዱ በአየር የሚነፋ ጎማ ነው፣ ሲተነፍስ ይታጠፋል። ሌላው ድፍን ፕላስቲክ ነው፣ አይታጠፍም።

«የሚነፋው ይሻለኛል» አለ ወንድሜ። «ማታ አጥፌ በጀርባዬ ይዤው እወጣለሁ። ድፍኑን የት አሳድረዋለሁ?»

«በእሾህና በአምባዛ ዓሣ አጥንት መሃል ጎማ? ስልቻው አልበቃህም?»

እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ እኔም እንደዚያው ሆንሁ። እሱ ረጋ ብሎ ጎማው በክፍል በክፍል እንደሚነፋ፣ አንዱ ቢቀደድ ሌላው እንደሚይዝ አስረዳኝ። ሰምቼዋለሁ፣ አልሰማሁም አልልም። ግን አንዴ ተናግሬያለሁ፤ ካፈርሁ አይመልሰኝ ነው የኔ ነገር። እሱ ታላቄ ሆኖ ሳለ «እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አለ።

ድፍኑ መጣ። መኪና ገደሉን አይወርድምና በሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ላይ ታሰረ። እናቴ ድንጋይ እንዳይፍቀው ብላ በጋቢዋ ሸፈነችው። ጎረቤቶች ትከሻቸውን ሰጡ፣ ወንድሜም ከኋላ ገባ፣ ወረድን።

በኛ አገር አስከሬን ያየ ሰው አያልፍም፤ ሥራውን ጥሎ ተራ ገብቶ ይሸከማል። ጋቢ የለበሰ ረጅም ነገር በትከሻ ሲወርድ ያዩ ገበሬዎች በሬያቸውን አቁመው መጡ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከተሉን። «ማነው?» እያሉ ያለቅሳሉ። አንዷ አክስቴ ዙሪያውን አይታ ወንድሜን ስታጣው ደረቷን ትመታ ጀመር። እሱ ከኋላ ከአጣናው ሥር ብቅ ብሎ «አለሁ፣ አለሁ» ሲል ሳቅ ሆነ። እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሰዎቹ ግን አልተመለሱም። አንዴ ትከሻ ከሰጡ ከመንገድ ማስቀመጥ ነውር ነው ብለው እስከ ውኃው ዳር አደረሱት።

ጀልባው ደህና ነው። አንድም ቀን አልሰጠመም። ግን ትተውት ከወጡ መንገደኛ ፈትቶ ይሻገርበትና ወዲያ ማዶ ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ ወንድሜ እዚያው ቆላው ውስጥ ዳስ ሠርቶ እያደረ ይጠብቀዋል። ማታ ማታ ሽቅብ መምጣት ቀረ። የሚወጣው እሑድ ብቻ ነው፤ ባለፈው እሑድ ወባ እያንቀጠቀጠው መጣ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ሽሮውን ሁለት ጊዜ ጠቅሶ ተወው። ማየት አቃተኝ።

«እንሽጠውና የሚነፋውን ላምጣልህ» አልሁት። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አብሽሪ» አለኝ። «ያን ሁሉ ሰው አልቅሶ ያወረደውን፣ እንደገና ሽቅብ አምጡልኝ ብዬ በየትኛው ፊቴ እለምናለሁ?»

እናቴ ያን ጋቢ አጥባ አስቀምጣው ነበር። ትከሻው ላይ አለበሰችውና ከሰዓት በኋላ ሸኘነው። አፋፉ ላይ ቆመን ነጩ ጋቢ ከቁጥቋጦው መሃል እየጠፋ እየታየ ቁልቁል ሲሄድ እናይ ነበር። እኔ በማግስቱ ቢሮ ልገባ ነው፣ አልጋም ቤትም አለኝ።

እናቴ ወደኔ ሳትዞር «ያን ቀን ‹ማነው?› እያሉ ሲያለቅሱ ሳቅንባቸው» አለች። «እነሱ ግን አልተሳሳቱም።»